መጽሐፉ የማያውቀው ዝናብ

እኛ ትልልቆቹ ጥያቄ የምንወደው መልሱ ኪሳችን ውስጥ ካለ ብቻ ነው። እንግዳ ፊት ልጃችንን አቁመን «የአገራችን ዋና ከተማ ማን ይባላል?» እንለውና ሲመልስ ደስታችንን አንችለውም። ያው ልጅ ዞር ብሎ «ዶሮ ለምን አትሸናም?» ያለን እንደሆነ ግን ባለጌ ይሆናል። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ።

ደቡብ ምዕራብ፣ ሚዛን ከተማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ወላጅ ነኝ። ልጅ የለኝም፤ «ወላጅ ካላመጣህ ክፍል አትገባም» የተባለ የሰፈር ተማሪ ሁሉ ግን አጎት የሚያደርገው እኔን ነው። የተበሳጨ ፊት አሳያለሁ፣ ልጁን መምህሩ ፊት እቆጣለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አለቀ። ችግሩ ይገባኛል። እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል «ወላጅ አምጣ» ተብዬ እንደወጣሁ ነኝ።

ባለፈው ኅዳር የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ምሕረት ናት፤ ሦስተኛ ክፍል።

«ጋሼ፣ ነገ አጎቴ ሁን።»

«ማንን ደበደብሽ?»

«ማንንም። ዝናብ ለካሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ «በጋ ደረቅ ነው» ይላል። መምህሩ ይህን ሲያስተምር ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠው ነበርና፣ ድምፁን ለማሰማት «ደረቅ! ደረቅ!» እያለ ይጮኻል። ምሕረት እጇን አወጣች። «ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ቲቸር?» «የመጽሐፉን ጻፊ!» ተባለች። ጻፈች። ግን ደግሞ ባዶ የድልህ ጣሳ ግቢው ውስጥ አስቀምጣ፣ በዘነበ ቁጥር ከክፍል ሹልክ እያለች በማስመሪያ ትለካ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ተያዘች።

እናቷ ቀደም ብላ «አንዲት ክስ ብትመጣ ትምህርቱ ይቀርና ከእኔ ጋር ቡና ለቀማ ነው» ብላታለች። ሴትዮዋ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

የተበሳጨ ፊቴን ይዤ ሄድኩ። መምህሩ በዚሁ ዓመት ከወደ ሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

«አንተ ነህ ወላጇ?»

«አጎቷ ነኝ፣ መምህር። አሳፈረችን!» ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺ! ዝናቡን ማን ለኪ አለሽ?» ብዬ ጀመርኩ እንጂ መጨረስ አቃተኝ። ደብተሯን ዘርግታ ይዛዋለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሴንቲ ሜትር። ትምህርት ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ደብተር ኖሮኝ አያውቅም። «እስቲ ይዩት» አልኩት፤ ሥራዬን ረስቼ።

ገለጠ። አሁንም ገለጠ። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ፣ እዚህ አገር ልብስ መቼ ነው የሚደርቀው? ሁለት ሳምንት ሙሉ እርጥብ ሱሪ ነው የለበስኩት።»

«በጠዋት ያስጡ፣ ቲቸር። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ያስገቡ» አለች፤ ደብተሩን እንኳ ሳታይ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ክፍል ግቢ። ጣሳውን የምታዪው ግን በእረፍት ሰዓት ነው።»

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በቤቱ በኩል ሳልፍ፣ አንዴ ሰዓቱን አንዴ ሰማዩን እያየ የደረቀ ሱሪውን ከገመድ ላይ ያወርዳል። ስምንት ሲሆን ዶፉን ለቀቀው።

ሰኞ ግን፣ ምሕረት እንደነገረችኝ፣ «በጋ ደረቅ ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል» ብሎ በድጋሚ አስጻፋቸው። ምን ያድርግ? መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰው ልብሱን የሚያሰጣው ሌላ አገር ነው።