አቶ ወጋየሁና የቀኙ መዝጊያ

በዚህች ከተማ፣ ባለሙያ ቤቱ ሲገባ እንደ ተደፈረ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ሶኬት ሲያጨስ፣ ጣሪያ ሲያፈስ «ለዚህ ደግሞ ባለሙያ?» ይላል፤ ይህን ሲል ካቻቪቴው እጁ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ጠብታው ጅረት፣ ጭሱ ጨለማ ይሆናል። እርሱ ግን አይደነግጥም። «አሁን ችግሩ ተገኘ» ይላል፣ ችግሩን ራሱ እንዳልወለደው ሁሉ።

የንፋስ ስልክ ሰፈሩ ክቡር አቶ ወጋየሁ የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲያገለግሉ ከማኅተም የከበደ መሣሪያ ጨብጠው አያውቁም። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን የዓለም ብሎን ሁሉ የላላው እሳቸውን ሲጠብቅ እንደሆነ ተገለጠላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከዚያ ወዲህ ከሦስት ጎርፍ፣ ከአንድ ቃጠሎና መቁጠሩን ከተዉት የመብራት መቋረጥ ተርፈዋል።

ቤታቸው አሮጌ ነው። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተከለለ ሰፊ በረንዳ አለው፤ መግቢያውም ሁለት መዝጊያ ያለው ትልቅ የእንጨት በር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የቀኙ መዝጊያ ማጠፊያዎች አለቁና መዝጊያው ወለሉን ተንተርሶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚከፈተው ግራው ብቻ ነው። ወፍራም እንግዳ በጎኑ ይገባል፤ ቀጭኑም ከወፍራሙ አይቶ በጎኑ መግባት ለምዷል። አቶ ወጋየሁ ስድስት ዓመት ሙሉ «እሱን ለብቻው ነው የምይዘው» ሲሉ ኖሩ።

አንድ ረቡዕ ማታ ብቸኛ ልጃቸው ምስጢር፣ ሲራክ የሚባለው እጮኛዋ እሑድ ሽማግሌ እንደሚልክ ተናገረች። ሐሙስ ጠዋት አቶ ወጋየሁ የቀኙን መዝጊያ ነቀሉት።

«ሽማግሌ እየመጣ በር ይነቀላል እንዴ፣ አንተ ሰው?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

«ሦስት ቀን አለኝ። ሦስት ማጠፊያ ልቀይር እንጂ ግድብ ልገድብ ነው?»

«የጫልቱ ወንድም እኮ እንጨት ሠሪ ነው። እዚሁ ጎረቤት ነው፤ በአጥር ላይ ብንጠራው…»

«ለዚህ ደግሞ ባለሙያ?»

«እሺ፣ አሮጌውን ማጠፊያ ለናሙና ይዘህ ሂድ።»

«መጠኑ ዓይኔ ውስጥ ነው፣ ፀሐይ።»

ሀይሌ ጋርመንት ካሉት የግንባታ ዕቃ መሸጫዎች ማጠፊያ ገዝተው ተመለሱ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው መጠን ለኩሽና ካቢኔት የሚሆን ነበር።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲደርሱ መዝጊያው እንደ ታመመ ሰው አንሶላ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። መሪያቸው አቶ ከበበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን በሱፍ ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉና ሦስቱም እንደ ወጉ ቆመው ምስጢርን ለሲራክ ጠየቁ። አቶ ወጋየሁ አንሶላ የለበሰውን በሽተኛ ሰረቅ አድርገው አዩ።

«ዘመድ አዝማድ እናማክር» አሉ በረጋ ድምፅ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያቃለለ ይመስላልና።

«የትኛውን ዘመድ ነው የምታማክረው?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከኩሽና ብቅ ብለው።

«ባለ አራት ኢንቹን ማጠፊያ።»

ባለ አራት ኢንቹ ተገዛ። አሁን ደግሞ ያረጀው መቃን ብሎን አልይዝ አለ፤ አቶ ወጋየሁ ቀዳዳዎቹን በኮላና በክብሪት እንጨት ሲሞሉ ቤቱ ውስጥ ምድጃ የሚለኮስበት ክብሪት ጠፋ። በሁለተኛው እሑድ መዝጊያው ተሰቅሎ ነበር፤ ከግራው ግን አንድ አውራ ጣት ከፍ ብሎ፣ ጎረቤቱን ቁልቁል እንደሚያይ ሹመኛ። ቁልፉና ማስገቢያው አልተገናኙም። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፤ ጠየቁ። አቶ ወጋየሁ ሌላ ሁለት ሳምንት ለመኑ። በዚህ ጊዜ ደስ ብሎት የወጣ ሽማግሌ አልነበረም።

ምስጢር ያን ቀን ዓይኗ አብጦ ኩሽና ገባች።

«እማዬ፣ ሲራክ ደመወዜ አንሶባቸው ነው ወይ ይለኛል። ቁመቴ ነው ወይ ይለኛል። ቤተሰቦቹ ሦስተኛ ቀጠሮ ከተሰጠን ይቅርብን እያሉ ነው። አባዬ ካልፈለገው ለምን በግልጽ አይነግረኝም?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ «በሩ ነው፣ ልጄ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና አፈሩ። ቀጥሎም በሩ መሆኑን ራሳቸው ተጠራጠሩ። ሰውዬው ወፍ ሳይንጫጫ ይነሣሉ፤ ቁጭ ብለው ሻይ አይጨርሱም፤ ከበረንዳው ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በረንዳው ይመላለሳሉ። ሰኞ ያጠበቁትን ብሎን ማክሰኞ ይፈቱታል። አርብ ዕለት መዝጊያው ቀጥ ብሎ፣ ልክ ከግራው እኩል ሆኖ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በገዛ ዓይናቸው አይተውታል። ቅዳሜ ጠዋት ተነቅሏል።

በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ለማወቅ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድመው መጡ። አቶ ወጋየሁ በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ መዝጊያው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ከበበው፣ ይቅርታ… መቼም አይቀመጡም… እባክዎ ይህን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ!»

አቶ ከበበው ጋቢያቸውን ለባልደረባቸው አቀብለው መዝጊያውን በሁለት እጃቸው አነሡ።

«ከፍ… ዝቅ… እዚያው!»

«እንግዲህ አቶ ወጋየሁ» አሉ አቶ ከበበው ከመዝጊያው ጀርባ፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ቆመን እንጠይቃለን። በር ተሸክሞ የጠየቀ ሽማግሌ ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡናል፣ ወይስ ልልቀቀው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ካቻቪቴው ግን ቆመ። አቶ ወጋየሁ ፊታቸውን ወደ መቃኑ እንዳደረጉ ቀሩ።

«ልጄ ከዚህ ቤት በግማሽ በር፣ በጎኗ ተጠማዝዛ አትወጣም ብዬ ነው» አሉ። «ሁለቱም መዝጊያ ተከፍቶላት ነው የምትወጣው። ግን ልጨርሰው ባልኩ ቁጥር…»

አልጨረሱትም። በኩሽናው በር የቆሙት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሰኞ የጠበቀ ብሎን ማክሰኞ ለምን እንደሚፈታ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እኔም ሁለት ሴት ልጆች ድሬያለሁ» አሉ አቶ ከበበው በለሰለሰ ድምፅ። «ይገባኛል። ክንዴ ግን እየዛለ ነው።»

አቶ ወጋየሁ የመጨረሻዋን ብሎን እስከ ጥጓ አጠበቁ።

«እሺ» አሉ። «እሺ። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

በጥር ሁለቱም መዝጊያዎች ድምፅ ሳያሰሙ ተከፈቱ፤ ምስጢር ቬሎዋ የትኛውንም መቃን ሳይነካ ወጣች። ጫልቱ በሩን እያየች «ጋሼ፣ ማን ሠራላችሁ?» ብትል ምን እንደ ተመለሰላት መገመት አያዳግትም።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ቤቱ ውስጥ የሚላላ፣ የሚያፈስ፣ የሚያጨስ ነገር ጠፋ። አቶ ወጋየሁ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልክ የሆነውን በር እያዩ ረፋዱን ሙሉ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሁለት ጊዜ ሻይ አቀረቡ፤ ሁለቴም ቀዝቅዞ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ አርፈህ ተቀመጥ ሲሏቸው የኖሩት ሰው አርፈው ሲቀመጡ ማየት አላስቻላቸውም።

ኩሽና ገቡ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ካቢኔት በር ማጠፊያ በቢላዋ ጫፍ ሁለት ዙር አላሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወጋየሁ! የካቢኔቱ በር ተንጋዷል። ለጫልቱ ወንድም ልደውል?»

ሳሎን ውስጥ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ።

«ለዚህ ደግሞ ባለሙያ? ልኩ ማጠፊያ እኮ አለኝ!»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቢላዋውን ወደ መሳቢያው መለሱ። ከዚያም፣ ለማንኛውም ብለው፣ ጎንበስ አሉና የውኃውን ዋና መክፈቻ ዘጉ።