ወይዘሮ ኤይላ እና አሥራ ዘጠኙ ጋሎኖች

ከአሥር ሰው በታች በሚሠራበት ሱቅ ሁሉ አንድ ቆጣሪ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሚሾመው አይታወቅም፤ የተቀጠረውም ለዚህ አይደለም። ሌላው ሰው ሥራውን ሲሠራ፣ እሱ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጽፋል። በዳቦ ቤት አይቼዋለሁ፣ በጎማ ቤት አይቼዋለሁ፣ የውሻ ፀጉር በሚስተካከልበት ቤት እንኳ አላጣሁትም። እነዚያ ሁሉ ግን ጀማሪዎች ናቸው። ዋናዋ ያሉት እዚሁ ካናዳ፣ ተንደር ቤይ ከተማ፣ ከወደቡ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ ባለው የሮስ ትሬምብሌ ቀለም መሸጫ ውስጥ ነው፤ ክብርት ወይዘሮ ኤይላ ሃፓላ ይባላሉ።

በሱቁ ውስጥ ሁላችንም በስም ብቻ ነው የምንጠራራው። እኔ ግን ስለ እሳቸው ስጽፍ አንቱ ካላልኩ እጄ አይታዘዝልኝም።

የተቀጠሩት ዕቃ ለማዘዝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የከተማው ኮሌጅ በአሥራ ሁለት ሳምንት የዳታ ትንተና አስተምራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ እሳቸውም በስድሳ አንድ ዓመታቸው ተመዘገቡ። ተመርቀው ሲመጡ የድሮዋ ሴትዮ አልነበሩም። አንገታቸው ላይ የሩጫ አሠልጣኝ ሰዓት፣ ብብታቸው ሥር መጻፊያ ሰሌዳ፣ አፋቸው ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር፦ "እሱን ተወውና፣ ዳታው ምን ይላል?"

ዛሬ ይበርዳል ብትላቸው ዳታው ምን ይላል ነው። አንጋፋው ሠራተኛችን ዋልተር ስታሲክ ጉልበቴን አመመኝ ሲል፣ "ባለፈው ኅዳር ስንት ቀን አመመህ?" ይሉታል። በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ሁሉም ከየቤቱ ምግብ ይዞ የሚመጣበት እራት አለ። ወይዘሮ ኤይላ የየሳህኑን ትራፊ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝግበው ለፓስተሩ ሚስት ውጤቱን አቀረቡ፦ "ያንቺን የድንች ሰላጣ ሰው የሚያነሳው አንቺ ስታዪው ብቻ ነው።" ሰላጣው ቀረ። ሰላምታውም ለአንድ ክረምት ቀረ።

እኔንም አልማሩኝም። "አንድ ጋሎን እስክትሸጥ አራት ጊዜ ትተክዛለህ" ብለውኛል። ምን እንደሚያስተክዘኝ ግን አልጠየቁም፤ ለእሱ ዓምድ የላቸውም። ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን ይዘው ሲመጡ ባየሁ ቁጥር ብሩሽ የምፈልግ መስዬ መጋዘን እገባ ጀመር።

ባለቤታችን ሮስ ለአዲስ ሠራተኞች ያዘጋጀው ሃያ ጥያቄ ያለው ፈተና ነበረው። በጣም ይኮራበታል። ወይዘሮ ኤይላ የስድስት ዓመት መልስ ወረቀት ከየመሳቢያው ለቃቅመው ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡና አንድ ቀን መጡበት።

"አሥራ ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም መልሶት አያውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራውን ዋልተርን ብጠይቀው እንኳ አልመለሰውም።"

"ስለማያነቡ ነዋ!" አለ ሮስ።

"እሱን ተወውና፣ መልሱን አንተ ታውቀዋለህ?"

ሮስ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበውና መነጽሬን ላምጣ ብሎ ወጣ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። ባለፈው መጋቢት ግን ነገሩ ሰው ላይ መጣ።

ሮክሳን ቤላንጀር አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነዳች፤ መስመሩ ሲዘጋ እኛ ጋ ለሦስት ወር ሙከራ ገባች። ሥራዋ ቀለም ማመሳሰል ነው። ደንበኛው ከግድግዳው የተፈቀፈቀ ቁራጭ ያመጣል፤ ቀለሙ ተዋህዶ በማሽን ይነቀነቃል፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ቁራጩ ላይ ታደርጋለህ፣ ታያለህ፣ ካልገጠመ ማቅለሚያ ትጨምራለህ፣ ክዳኑን በላስቲክ መዶሻ ትዘጋለህ። ያስተማራት ዋልተር ነው። የዋልተር ጋሎን አልገጠመም ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። የሮክሳን ግን ሦስት ወር ሳይሞላት አሥራ ዘጠኝ ተመለሰ፤ በሩ አጠገብ ተደርድሮ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይታያል።

"ዓይኗ ቀለም አይለይም" አለኝ ሮስ። "ከእሷ በፊትም ሁለት ሰው በዚሁ ነው ያሰናበትኩት። ዓርብ ሙከራዋ ያልቃል፣ እሷም ታልቃለች።"

ሮክሳን ይህን ታውቃለች። በጓሮ በር በኩል አየር ልትቀበል ወጥታ አገኘኋት።

"እዚህ ካልሆነ የቀረኝ ሰሜን ያለው ማዕድን ሰፈር ነው" አለችኝ። "ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። እናቴ እኮ ሁሉንም ረስታለች፤ የቀራት የኔ ፊት ብቻ ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ስሄድ ነው የማትረሳኝ። ሁለት ሳምንት ብጠፋ…"

አልጨረሰችውም። በሩ ተከፈተና የወይዘሮ ኤይላ ራስ ብቅ አለ።

"ሮክሳን፣ ከወጣሽ አራት ደቂቃ ሆነሽ። ዕረፍት ብዬ ልጻፈው ወይስ ሐዘን?"

"ጻፊው፣ ጻፊው! ሬሳዬንም ለክተሽ ቅበሪኝ!" አለችና ገባች።

እኔም ተናደድኩ። "ኤይላ፣ እባክሽ ተያት። ሥራዋ ላይ ናት።"

"እኔስ ምን ላይ ያለሁ መሰለህ?" አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት አምስታችን ከኋላ ባለችው ክፍል ተቀመጥን። መሀላችን ፐርሺያን የሚሉት፣ ሮዝ ክሬም የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ የሞላ ካርቶን ነበር፤ ሮስ ሰው ሲያሰናብት ጣፋጭ ይገዛል። ካርቶኑን ማንም አልነካውም። ሮስ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወይዘሮ ኤይላ ቀደሙትና ወረቀታቸውን ዘረጉ።

"ማሽኑ ከቆመ ጀምሮ ክዳኑ እስኪመታ ያለውን ጊዜ ያዝኩ። ዋልተር፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሮክሳን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት።"

"ዋልተርማ ስለሚለፈልፍ ነዋ!" አለ ሮስ። "ስንት ዓመት ዝም በል ብዬ የለመንኩት ነገር ነው!"

"ደንበኛ ነው የማጫውተው" አለ ዋልተር ተቀይሞ።

"ዋልተር፣ ጠብታዋን ካደረግክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?"

"ምን አደርጋለሁ? አያለሁ፣ እዘጋለሁ። እንዲሁ ነው ያስተማርኳት።"

"አይደለም። ጠብታዋን ታደርጋለህ፤ ከዚያ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ያመለጠችህን ዓሣ ታወራለህ። ዓሣዋ ስታመልጥ ጠብታዋን ታያለህ። ታስተካክላለህ፤ ከዚያ ትዘጋለህ። ዓሣዋ ለማምለጥ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅባታል። ጠብታዋ ለመድረቅ ስምንት።"

ቀለም ሲደርቅ እንደሚጠቁር ሁላችንም እናውቃለን። ዋልተር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያየው የደረቀውን ነበር፤ እየጠበቀ መሆኑን ግን ራሱም አያውቅም፣ ስላላወቀም ለማንም አላስተማረውም። ሮክሳን ደግሞ ዝምተኛ ናት። የምታወራው ዓሣ የላትም። እርጥቡን አይታ ዘጋች፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ሁለቱም እንዲሁ።

አባቴ ትዝ አለኝ። ጀልባ መቀባት ሊያስተምረኝ "እየኝ" አለኝ፤ ሦስት በጋ አየሁት፤ የኔ ቅብ ግን ሁልጊዜ ይላጥ ነበር። እጄ ነው ጥፋቱ ብዬ ተውኩት፤ እሱም እንደዚያው ብሎ ሞተ። እሱ ሳይነግረኝ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። አጠገባችን ቆሞ የሚቆጥር ሰው አልነበረንም።

ሮስ ግን በቀላሉ አይረታም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

"እርጥብ የታዩት አሥራ አምስት ናቸው ነው የሚለው። አራቱስ? አራቱ ሲታዩ ደርቀው ነበር፣ ግን ተመልሰዋል። እነሱ የማን ጥፋት ናቸው?"

ሮክሳን ወደ ወለሉ አየች። ወይዘሮ ኤይላ ገጹን ገለበጡ።

"እነሱ የኔ ናቸው።"

"የማን?"

"የኔ። ማቅለሚያ ጠብታ በጠብታ እየቆጠረች ስትጨምር መሀል ገብቼ 'ስንት ደቂቃ ሆነሽ?' ብያታለሁ። አራቱንም ጊዜ ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ሰዓቱ ተጽፏል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሮክሳን ስም በታች፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ "ኤይላ ሃፓላ፣ 4" ይላል።

መጀመሪያ የሳቀው ዋልተር ነው። ሮክሳን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

"ታዲያ አሁን ማንን ላባርር?" አለ ሮስ።

"ዳታው አባርር አይልም። ማስተማሪያው ላይ አንድ መስመር ጎድሏል ነው የሚለው።" መስመሩን ጽፈውት መጥተው ነበር፦ ጠብታዋ እስክትደርቅ ጠብቅ፤ ወሬ ያለው ያውራ፣ ወሬ የሌለው በፀጉር ማድረቂያ ያድርቅ። ማድረቂያውንም ከቦርሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የራሳቸው ነው።

ሮስ ካርቶኑን ወደ ሮክሳን ገፋ። "በይ ብይ" አላት። "ሌላ ጊዜ ሰው ሲቀጠርም መግዛት ልጀምር ነው።"

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኤይላ ስልክ ሲደውሉ ሰማኋቸው። ከዓመታት በፊት ለተባረሩት ለሁለቱ ነበር። "ጥፋቱ ያንተ አልነበረም" ይላሉ። "አዎ፣ ቆይቷል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እንድታውቀው ነው።"

ሰውን የሚቆጥሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አለቆች፣ ፕሮፌሰሮች፣ ዘመዶች። ጥፋት ሲደምሩ የራሳቸውን ስም በዓምዱ ውስጥ የጻፉ ግን እኚህን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ሳምንት ወዲህ መጋዘን ገብቼ አልተደበቅኩም።

እሳቸው ደግሞ ከሮክሳን ጠረጴዛ ፊት ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፈዋል። ክፍት ጋሎን ባለበት ሰዓት አያልፉትም። ሰሌዳቸውን አቅፈው፣ መናገር እንደተከለከለ ሰው ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆማሉ። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉኛል።

ትናንት ለምሳ ሰዓት ትንሽ ሲቀር ሮክሳን የአንዱን ጋሎን ጠብታ አድርቃ አየች፣ ክዳኑን መታች፣ ኮቷን ለበሰች፤ ከዚያ ወደ ቢጫው መስመር ዞረች።

"ኤይላ! ተዘግቷል! ነይ ጠይቂኝ፣ እናቴ ጋ ልሄድ ነው።"

ወይዘሮ ኤይላ እየተጣደፉ መስመሩን ተሻገሩ። "ሳትሄጂ ስንት ደቂቃ አለን?"

"ስድስት" አለች ሮክሳን። "ቆጥሬዋለሁ።"