ሁለቱ ማረሻዎችና የአበልጄ ወፍጮ

ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አደገኛ ነው። አስተማሪውም ተማሪውም ፈታኙም እሱ ስለሆነ ወድቆ አያውቅማ! ይህን የምላችሁ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁት፣ ኤሌክትሪክን ከተቃጠሉ ዕቃዎች የተማርኩት እኔ ነኝ። እኔም ወድቄ አላውቅም ነበር... እስከዘንድሮው ጾም ድረስ።

ቤቴ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ አለኝ። ፈቃድም አለኝ፤ በዚህ አትጠርጥሩኝ። እንደኔው ፈቃድ ካላቸው ሰዎች ጋር በአየር ሞገድ እንጨዋወትበታለን። በቅርቡ ደግሞ ኮምፒውተሬን በቀጭን የድምፅ ገመድ ከሬዲዮው ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ ሬዲዮው ይልካል፣ ተቀባዩ ዘንድ ተመልሶ ጽሑፍ ይሆናል። ታዲያ አዲስ አበባ ላሉት ጡረተኛ ወዳጄ ለአቶ ደጀኔ ሰላምታ ብልክላቸው የደረሳቸው እምምምም... የሚል ጉምጉምታ ብቻ ሆነ።

«ምነው ደባርቅ፣ ቤትህ ውስጥ ወፍጮ ተከልክ እንዴ?» አሉኝ፤ በአየር ላይ የሚጠሩኝ በከተማዬ ስም ነው።

እሳቸው ቀልደው ነው። እኔ ግን ቀና ብዬ በመስኮት ስመለከት... ወፍጮ!

ከአጥራችን ማዶ የእትዬ ጥሩወርቅ ወፍጮ ቤት አለ። እትዬ ጥሩወርቅ የልጄ የትርሲት የክርስትና እናት ናቸው፤ አበልጄ። ያለ እሳቸው ፋሲካን ፈስከን አናውቅም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድኩና ወፍጮዎ ሬዲዮዬን እየረበሸው ነው አልኳቸው። ወፍጮዬ ከሬዲዮዎ በፊት እዚህ ነበር አሉኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ ተመለስኩ፤ በገበያ ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ያቁሙልኝ ብዬ ጠየቅሁ። በገበያ ቀን ወፍጮ ከሚቆም የእኔ እስትንፋስ ይቁም አሉ። ያኔ ነው ምላሴ ከራሴ ቀድሞ የሄደው።

«ጥፋቱ የኔ ሆኖ ከተገኘ ድንጋይ ተሸክሜ እመጣለሁ!»

በእኛ አገር በሐሰት የከሰሰ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ በትከሻው አድርጎ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ትርሲት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ስኳር በላ ብላ ወንድሟን በሐሰት ብትከሰው፣ ድንጋይ አሸክሜ ፊቱ አቁሜያታለሁ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ከዚያ ወዲያ ከአበልጄ ጋር ሰላምታ ተቋረጠ። ለፋሲካ ጠላ የሚሆነው ገብስ ሳይፈጭ ቀረ። ባለቤቴን አስካለን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወፍጮ ውሰጂው ብላት፣ «የተጣላኸው አንተ፣ ተሸካሚዋ እኔ? እንግዲህ ተሸከም!» አለችኝ። ተሸከምኩ። የሊማሊሞ ነፋስ ፊቴን እየገረፈው፣ ዳገቱን እያለከለክሁ... መንገዱ ደግሞ የሚያልፈው በእትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ነው። ዱቄት በዱቄት ሆነው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እግዜር ያበርታዎ፣ አበልጅ» አሉኝ።

ምርቃት ይሁን ስድብ እስከዛሬ አልለየሁም።

ጉምጉምታው ግን አልተወኝም። የድምፅ ገመዱን ለወጥሁ። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ አስካለን አስቀየምሁ። ስለ ትዕግሥትና ስለ ጥንቃቄ ለቤተሰቤ ብዙ ምክር ሰጠሁ። ለጉምጉምታው ምክር አልሰራለትም።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራው ትርሲት ለምሳ መጣች። ወፍጮው መስኮታችንን እያንቀጠቀጠ ይፈጫል፤ እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ጉምጉምታውን እየሰማሁ ተቀምጫለሁ። ስልኳን ልትሰካ የኮምፒውተሩን ቻርጀር ከሶኬቱ ነቀለችው። ጉምጉምታው ጭጭ! ውጭ ወፍጮው እንደጉድ ይጮኻል። መልሰሽ ሰኪው አልኳት፤ እምምም... ንቀይው፤ ጭጭ።

«አባዬ፣ የክርስትና እናቴ ወፍጮ ማጥፊያው እኛ ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ያለ መሬት አይታመንም ብዬ የምሰብክ ሰው ነኝ። በመኪና ባትሪ ለሚሠራው ሬዲዮዬ ከዳባት ገበሬ የተገዛ አሮጌ ማረሻ ሽቦ አስሬበት፣ ትርፉ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲወርድ ጨውና ከሰል ጨምሬ ጓሮ ቀብሬያለሁ። ኮምፒውተር ስገዛ ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ትዝ አለኝና ለሶኬቶቹ በደጅ በኩል ሁለተኛ ማረሻ ቀበርኩ። ዶሮ እንዳይጭረውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩበት። መሬት መሬት ነው ብዬ! ለካ ሁለቱ ማረሻዎች እኩል አልነበሩም። ትርፉ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አቋራጭ ሲፈልግ ያችን ቀጭን የድምፅ ገመድ አገኘ፤ በእሷ በኩል እያጉረመረመ ይመላለስ ነበር። ቻርጀሩ ሲነቀል መንገዱ ተቆረጠበት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ማረሻ አወጣሁና የሶኬቶቹንም የሬዲዮውንም ሽቦ በአንዱ ማረሻ ላይ አሰርኩ። ለአቶ ደጀኔ ላክሁ። ፊደል ሳይጎድል ደረሳቸው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ምሥጢሩን የምናውቀው እኔና ትርሲት ብቻ ነን። ሽማግሌ ከገባ ወዲህ ወፍጮው አደብ ገዛ ብል ማን ያውቅብኛል? ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽም። ትርሲት ምሳዋን እየበላች በመስኮት ወደዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ተመለከተች።

በገበያ ቀን ሄድኩ። ድንጋዩ ከገብሱ ይከብዳል። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ወፍጮውን አጠፉት፤ ለሽማግሌ ያልቆመው ወፍጮ ቆመ።

«ጉምጉምታው ከራሴ ቤት ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አልኩ።

እኔን አዩ። ድንጋዩን አዩ።

«ገብስ ከሆነ ያስገቡ፣ አበልጅ። ድንጋይ አንፈጭም።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረዱልኝና በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ታርቀን፣ ስመን፣ የፋሲካውንም ነገር ተነጋግረን ስጨርስ ድንጋዬን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«ይተዉት» አሉኝ ወፍጮውን መልሰው እያስነሱ። «እዚሁ ይቆይ። ለሚቀጥለው ክስዎ ደግመው እንዳይሸከሙት።»