የሌላ ሰው ዝናብ

ጂኦግራፊ አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝና ያስተማርኩበትን መጽሐፍ እስቲ ልማው። ቆቦን «ቆላማ ሜዳ፣ ዝናብ አጠር» ብሎ ይዘጋታል። ይህን አንብባችሁ ታዲያ ሰዉ በምን ይኖራል ብትሉ አይፈረድባችሁም። የቆቦ ሰው የሚኖረው ሌላ ሰው ላይ በዘነበ ዝናብ ነው። ማዶ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ደገኛው አፈሩ ታጥቦ ሲሄድበት ይራገማል፤ ደረቁ ወንዝ ጎርፍ ይዞ ሲወርድ ደግሞ የራያ ገበሬ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፣ ግማሹ አልሐምዱሊላህ፣ ግማሹ ተመስገን እያለ። ላይኛው ማሳ ሳይጠጣ ታችኛው አይጠጣም። ኦሮምኛ ይናገሩ የነበሩ አያቶች ያቆሟት ተራ ናት ይባላል። የልጅ ልጆቹ ቋንቋውን ረሱት፣ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬቱም የሕዝብ ተባለ፤ ተራዋን ግን የነካት የለም።

በዚያ ክፉ ድርቅ፣ ደርግ ሰዉን ለሰፈራ ወደ ሩቅ ዝናባም አገር ሲያግዝ፣ ቤተሰብ የሌላቸው ሽማግሌ አባ ያሲንም መኪና ላይ ተጫኑ። ማሳቸው የቦዩ ራስ ላይ ነው፤ ከሳቸው ቀጥሎ የካሳ። መኪናው ላይ ሆነው ስለ ቤታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ካሳ፣ ጎርፍ ከመጣ ማሳዬን እንዳታስጠማብኝ።»

«ምን ሲባል፣ አባ ያሲን።»

ጎርፉ የመጣው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ያውም ቀጭን፣ ለአንድ ማሳ ቢበቃ ነው። የካሳ ልጆች ተማሪዎቼ ነበሩና ረሃባቸውን አውቀዋለሁ። እሱ ግን ውኃውን ወደ አባ ያሲን ማሳ መለሰው።

«ባለቤቱ እኮ የሉም» አልኩት።

«ተራቸው አለ» አለኝ።

የራሱ ማሳ ደርቆ ቀረ። የተረፈችውን የማሽላ ዘር እዚያው በሳቸው መሬት ላይ ዘራት፣ ሲመለሱ እኩል ሊካፈሉ።

ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ከሰፈራው አምልጦ በእግሩ የመጣ ሰው ወሬ አመጣ። እዚያ ዝናቡ በየቀኑ አናት ላይ ነው የሚወርደው አለን። አባ ያሲን ግን ያን ዝናብ አላመኑትም፤ ቦይ ቆፍረው፣ ቅርንጫፍ ደርድረው፣ ጎርፍ የሚልክላቸውን ተራራ ሲፈልጉ ከረሙ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለም። ወባ ገደላቸው። የቦዩ ነገር ሲወራ የሳቁ ነበሩ፤ ካሳ አልሳቀም።

«ከሳቸው በታች ማን ነበር?» አለ።

«የምን በታች?» አለ ሰውዬው።

«ጠጥተው ሲበቃቸው ውኃውን የሚያሳልፉለት።»

«ማንም አልነበረም።»

ካሳ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ማሽላው ደህና አፈራ። የአባ ያሲንን ድርሻ የሚቀበል ዘመድ ተፈልጎ ታጣ፤ ስለዚህ እኛው ጎረቤቶቹ በላነው፣ እኔም ጭምር። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።