«እንብላ» ያልኳቸው ሴትዮ

ኧረ ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይውጣልኝ! ሆዴን ይዤ ነው የምጽፍላችሁ። ዋናው የሚያስቀው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ታገሡኝ፤ እኔ እንደሆነ ወሬ ሲጣፍጠኝ መንገዱን አረዝማለሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲበላ የደረሰበትን ሁሉ «እንብላ» ይላል አይደል? ይህች ቃል ታዲያ ሕግ አላት። ጠሪው ከልቡ ይጠራል፣ ተጠሪው «ብሉ፣ ይባረክላችሁ» ብሎ ያልፋል። ሳይለመን እጁን የሚሰድ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ብዙ አልገባሁም። ለብቻ መብላትማ አይነሣ! እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ሥራ ቦታ እንኳ ምሳዬን ይዤ ሰው ፍለጋ የምዞር ሴት ነኝ።

የእህቴ ልጅ ቤዛ፣ እዚሁ የተወለደችው፣ «አክስቴ፣ ጣሊያን አብረን እንሂድ» ብላ ትኬት ቆረጠች። ልንሄድ ስንል አለቃዋ ቬኬሽኗን ከለከላት። «ብቻሽን ሂጂ። ካልተመቸሽ ኮል አድርጊልኝ፣ ትኬትሽን ቼንጅ አደርግልሽና በማግስቱ ትመጫለሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ብቻዬን እሄዳለሁ!» ብዬ ቸርች ውስጥ ስደነፋ ሰንብቻለሁ። በማግስቱ ብመለስ ሐበሻ በሞላበት ሳቫና ሰፈር በየት በኩል ልለፍ?

ቦሎኛ በገባሁበት ምሽት ርቦኝ አንድ ምግብ ቤት ዘው አልኩ። አስተናጋጁ ጣቱን ቀስሮ ስንት እንደሆንን ጠየቀኝ። አንድ። አቤት ስታሳፍር! ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ሲበላ እኔ ግድግዳ ሥር ሙሽራው የቀረበት ሰርግ መሰልኩ። ፓስታው መጣ፤ እንደ መቀነት ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የስጎው ሽታ ብቻውን የሚያጠግብ። ሹካዬን አነሣሁ። ጉሮሮዬ እምቢ አለ። በቃ፣ ተሸነፍኩ፤ ቤዛ ጋ ደወልኩ። አላነሣችም።

ከጎኔ ጠጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ ብቻቸውን ሾርባ ይጠጣሉ። እንግዲህ ለወጉ ያህል ሳህኔን ጠቆም አድርጌ «እንብላ!» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ሕጉን አያውቁም። ተነሡ! በአንድ እጃቸው ወንበራቸውን፣ በአንድ እጃቸው ሹካቸውን ይዘው መጡና ከሳህኔ ጠቅለል አድርገው ጎረሱ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳሁ፤ እሳቸውም ፈነዱ። ያ እምቢተኛ ጉሮሮዬ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ያን ፓስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሾርባቸውን አመጡልኝ፣ ስጋ የታጨቀባቸው ትንንሽ ሊጦች ይዋኙበታል። አንዲት ቃል አንግባባም፤ ቢሆንም ባሎቻችንን በእጅ ምልክት በደንብ አማናቸው። ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሳልላቸው፣ ሁለተኛውን አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ቀጥሎ ብድራቸውን ሲመልሱ፣ ያን የሚያህል ጉርሻ ከእናቴም አልጎረስኩ!

ይህኔ ስልኬ ጮኸ። ቤዛ ናት፣ በቪዲዮ፤ ካልጋሪ ገና እኩለ ቀን ነው።

«አክስቴ፣ ሚስኮልሽን አየሁት፤ አር ዩ ኦኬ? ትኬቱን ቼንጅ ላድርገው?»

አፌ ሙሉ ነው፣ በምን ልመልስ? ስልኩን ወደ ሴትዮዋ አዞርኩት። እሳቸው ደግሞ ልጅቷንም ሊያጎርሷት ሹካቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ! ቤዛ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ግማሽ ሳንድዊች በእጇ ይዛለች። ሴትዮዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳንድዊቿን አየች።

«ዌት፣ አክስቴ… ስለዚህ ብቻዬን የምበላው እኔ ነኝ?»