በኃላፊ ጊዜ የሞተው ባል

አማርኛችን ለሰው ክብር ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ቢመጡ እንኳ «መጡ» እንላቸዋለን፤ ግሱ እንደ ጉባኤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበላቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ይሉኝታ አልፈጠረበትም፤ ለአለቃውም ለበቅሏቸውም ያው አንድ ግስ ነው። ይባስ ብሎ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ግሱ ላይ «ኤስ» ይለጥፍለታል፣ ብዙ ሲሆኑ ይነጥቃቸዋል። ብቸኛውን የሚያለብስ፣ ማኅበርተኛውን የሚያራቁት ቋንቋ! ይህንኑ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። እናንተም ተምራችሁት፣ ረስታችሁትም ይሆናል። አልቀየማችሁም።

የዘንዘልማ ሰፈር ጎረቤቴ ይታይሽ ግን አልረሳችም። መዘዙም ከዚያ መጣ።

ባሏ ገረመው ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰና ቤት ዋለ። በዚህ መሐል ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ሰማች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ጠያቂዎቹ የጎጃም ልጆች፣ ተጠያቂዋም የጎጃም ልጅ። በአማርኛ ከተግባቡማ ምኑን ፈተና ሆነ?

«ጋሼ፣ ይርዱኝ» አለችኝ።

ረዳኋት። አንድ ሕግ ግን ደጋግሜ አስጠናኋት፤ «ወሬሽን በኃላፊ ጊዜ ከጀመርሽ በኃላፊ ጊዜ ጨርሽ። ወዲያና ወዲህ አትርገጪ።»

በፈተናው ቀን ስለ ባለቤቷ ጠየቋት። ፋብሪካ ይሠራ እንደነበር ነገረቻቸው፤ ይኼ ትክክል ነው። ከዚያ ሕጌን አክብራ ቀጠለች፤ «ማይ ሀዝባንድ ዋዝ ኤ ጉድ ማን። ሂ ላቭድ ሚ ቬሪ መች።» ጥሩ ሰው ነበር፤ በጣም ይወደኝ ነበር። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙሉቀን መነጽራቸውን አወለቁ። አንዷ ጠያቂ መሐረቧን አወጣች። «ሶሪ» አሏት በኅብረት። ይታይሽ ከሥራ ስለ መቀነሱ ያዘኑላት መስሏት አመሰገነች።

ተቀጠረች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶፍ የጣለ ዕለት ገረመው ጃንጥላ ይዞ ሊቀበላት ሎጁ በር ድረስ ሄደ።

«ማን ናቸው?» አሉ አቶ ሙሉቀን።

«ባለቤቴ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ከጫማው እስከ ጃንጥላው ቃኙት። «የሟቹ አፈር ሳይደርቅ?»

«የማን ሟች?» አለች ይታይሽ።

ነገሩ ሲገለጥ ባሰ። ባሏ ሳይሞት በሐዘን ስም እንጀራ የበላች አታላይ ተባለች፤ ነገ ጉዳይሽ ይታያል ተብላ ዕንባዋን እያዘራች እኔ ዘንድ መጣች። ቤቱን በደመወዟ የያዘችው እሷ ናት። በማግሥቱ ከገረመው ጋር ሦስታችንም ወደ ሎጁ ሄድን።

እኔ ስለ ኃላፊ ጊዜ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። እያብራራሁ በሄድሁ ቁጥር የአቶ ሙሉቀን ፊት እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ገረመው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ሥራ ፈታሁ እንጂ አልሞትሁም። እውነቱን ልንገርዎና፣ ቤት ስውል አንዳንዴ ለራሴም የሞትሁ ይመስለኛል። ግን አልሞትሁም። እሷ ደግሞ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።»

አቶ ሙሉቀን አንገታቸውን አቀርቅረው፣ «ምነው በአማርኛ በጠየቅናት ኖሮ!» አሉ። ከዚያ ወደ ይታይሽ ዞረው፣ «ሂጂ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሽ። ከእንግዲህ ግን ሰውን በኃላፊ ጊዜ እንዳትጠሪብኝ!» አሏት።

ይታይሽ ምክር ሰሚ ናት። ኃላፊ ጊዜን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ሰሞኑን ሻይ ልጠጣ ሎጁ ጎራ ብል፣ የሎጁን ጀልባ ትኬት ለሚገዙ እንግዶች ስለ አንድ ደሴት ገዳም ስታስረዳ ደረስሁ። ዐፅማቸው እዚያ ያረፈ አንድ የጥንት ንጉሥ አሉ። በይታይሽ እንግሊዝኛ ንጉሡ አሁንም ደሴቱ ላይ ናቸው፤ ጸጥታ ይወዳሉ፤ ብዙ አይናገሩም። አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ለንጉሡ ምን ዓይነት ስጦታ ቢወስድ እንደሚሻል ጠየቃት።

ላርማት ብድግ ስል አቶ ሙሉቀን ክንዴን ያዙኝ።

«ይተዋት፣ መምህር» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ጀልባው እኮ ሞልቷል።»