ጀግናው ተሻግሯል ብዬ የሰመጥኩበት ታንኳ

ዛሬ ከሰዓት በወረታ አስፋልት ላይ፣ ልብሱ እስከ ደረቱ በጭቃ ተለቅልቆ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ጎልማሳ ያያችሁ ሰዎች፦ እብድ አይደለም። እኔ ነኝ!

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

የከተማችን ሙዚየም አንዲት ክፍል እንደሆነች ታውቃላችሁ። ውስጧ ጥቂት የእርሻ ዕቃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች የጥንት የደንገል ታንኳ፣ በሩ ላይ ደግሞ እኔ። አስጎብኚውም፣ ጠባቂውም፣ አቧራ ጠራጊውም እኔው ነኝ፤ ሰው ሁሉ ግን «መምህር» ይለኛል።

በቅርቡ «ጎብኚ የላትም፤ የማዳበሪያ መጋዘን ትሁን» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ዛሬ ከዞን የመጡ እንግዶች አይተው ሊወስኑ ነበር።

ሙዚየም ወይስ ዩሪያ?

በዩሪያ ላይ ቂም የለኝም። ሩዛችን የሚያምረው በእሱ ነው። ግን ክፍሏን እወዳታለሁ፤ ምን ላድርግ!

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አመነጨሁ። ከቆየ ልቦለድ አንድ ትዕይንት እንመርጣለን፤ የትምህርት ቤት ልጆች ታሪኩን ሰምተው ውስጡ ያለውን ሳይንስ በገዛ እጃቸው ሠርተው ይፈትኑታል። ታሪኩ ልብ ይስባል፣ እጅ ይሠራል፣ አእምሮ ይጠይቃል። (ወረቀት ላይ እንዴት እንዳማረ ብታዩት!)

የመረጥኩት ትዕይንት ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ካነበብነው መጽሐፍ ነው። ርዕሱን አልጠራም፤ ደራሲው ከእኔ ጋር ስማቸው እንዲነሣ የሚያደርስ በደል አልፈጸሙም። ወንዙ ሞልቷል። እጮኛው ማዶ ናት። ጀግናው ከዳር ደንገል ቆርጦ፣ ታንኳ አስሮ ይሻገራል።

ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ጨረቃዋ። ነጭ ጋቢው። ማዶ ቆማ የምታለቅሰው ልጅ።

መጽሐፉን ገልጬ ላረጋግጥ? በቃሌ የማውቀውን? ለምን ሲባል!

(እዚህ ላይ «ወይኔ» ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቀድማችሁኛል።)

ያን መጽሐፍ ያስተማሩን፣ አሁን ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህራችን እትዬ የሻረግ ናቸው። በክብር እንግድነት ጋበዝኳቸው።

«ማንበቡ አያድክምዎ፤ እኔው በቃሌ እተርከዋለሁ» አልኳቸው።

«በቃልህ?» አሉኝ። «አንተ? ስም ስጠራ አቤት ማለት ትረሳ የነበርከው ልጅ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ጠዋት ደንገል ቆረጥኩ፤ ጠዋቱኑ አሰርኩ። እንደማስታውሰው ጀግናውም ያደረገው እንዲሁ ነበር። አረንጓዴ፣ ለምለም፣ ለፎቶ የተፈጠረች ታንኳ ወጣችልኝ!

ተሸክሜያት ስሄድ አንድ ገበሬ መንገድ ላይ ቆመው ታንኳዋን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«መምህር፣ ይችን ምን ሊያደርጓት ነው?»

«ለሳይንስ ናት!»

«እሽ፣ ለሳይንስ ከሆነች» ብለው አለፉ።

ይህችን ንግግር ያዙልኝ። ትመለሳለች።

ሰዓቱ ደረሰ። ከክፍሏ ጀርባ ያለው የመስኖ ኩሬ ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ፣ ወላጆች ከኋላ። እኔ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ የድምፅ ማጉያ ጨብጬ ተረኩ። ስለ ጨረቃዋ ስናገር የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አሁን ጀግናው እንዴት እንደተሻገረ በዓይናችሁ ታያላችሁ!» ብዬ ታንኳዋ ላይ ወጣሁ።

ተሻገርኩ?

ግማሹን።

ታንኳዋ አልተገለበጠችም፤ አልተሰበረችም። በእርጋታ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ዝቅ እያለች ሄደች። እኔም አብሬያት። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እግሬ መሬት አገኘ፤ የፎገራ ዋልካ ጭቃ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ማጉያውን ብቻ ከጭንቅላቴ በላይ ይዤ ተተከልኩ።

«ኧረ እናቴ ድረሽ!» ያልኩትን ወረታ በሙሉ ሰምቶታል።



ከዚያ... ጭብጨባ!

አለቃዬ አቶ ደርብ ፈጥነው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ሆን ብሎ ነው! ለትምህርቱ ሲል ነው የሰመጠው!»

«ይገርማል! ራሱን ሰጥቶ!» አሉ የእንግዶቹ ቡድን መሪ፣ አንዲት ቆፍጣና ሴት።

የጠዋቱ ገበሬም ከወላጆች መካከል እጃቸውን አወጡ። «እውነት ነው! እኔ ራሴ ጠይቄያቸው ለሳይንስ ናት ብለውኛል!»

ወገኖቼ፣ ምስክር እንኳ ተገኘልኝ! ክብሬ ተረፈ፤ ክፍሏም ልትተርፍ ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ዝምታ ብቻ።

አንዲት ተማሪ ግን ከፊት ተነሣች። «መምህር፣ እንደምትሰምጥ ያውቁ ነበር?»

አየኋት። ለመማር ነው የምትጠይቀው። የምትሰማውን ነገ ደብተሯ ላይ ልትጽፈው ነው።

«አላውቅም ነበር» አልኩ። «ጀግናው ስለተሻገረ፣ እኔም የምሻገር መስሎኝ ነው።»

ማጉያው እንደበራ ነበር።

አቶ ደርብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክፍሏ እስከ ጣሪያዋ የዩሪያ ከረጢት ተደርድሮባት ታየችኝ።

ይህን ጊዜ እትዬ የሻረግ ተነሡ። ቦርሳቸውን ከፈቱ። መነጽር አወጡ። መጽሐፍ አወጡ! «አይድከሙ» ያልኳቸው ሴትዮ መጽሐፉን ይዘውት መጥተዋል!

«ማን ነው ተሻገረ ያለህ?» አሉና ማንበብ ጀመሩ።

ወዳጆቼ፣ ጨረቃ የለችም። ቀትር ነው። ጋቢም የለም። ጀግናው ቸኩሎ እርጥብ ደንገል ያስርና መሃል ወንዝ ላይ ይሰምጣል። ማዶ ያለችው እጮኛው አታለቅስም፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች! የተሻገረችው እሷ ናት፤ የደረቀች ታንኳ ስባ ገብታ፣ በአንገትጌው ጎትታ ታወጣዋለች።

እትዬ የሻረግ መጽሐፉን ዘጉ። «አንተ ልጅ፣ ታሪኩን ፈጽሞ ረስተኸዋል። ግን ምንም ሳታጎድል ሠርተኸዋል!»

እንግዶቹ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። የቡድኑ መሪ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«እንግዲያ አውጧቸው!» አለች ያቺው ተማሪ። «ደረቋ ታንኳ እኮ ውስጥ አለች!»

የትኛዋ? እኔ ራሴ በየቀኑ አቧራዋን የምጠርጋት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው! ከሥሯ «ቅርስ አይነካም» የሚል የእጅ ጽሑፌ አለ። አቶ ደርብ በጀርባው መስኮት ጽሑፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ይነካ» አሉ።

የጠዋቱ ገበሬ ኩሬው ላይ አወረዷት። ተንሳፈፈች! እኔን ጎትተው ጫኑኝ፤ ያን ሁሉ ጭቃ ጨምሬ እንኳ አልሰመጠችም። ግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

«ታዲያ ያችኛዋ ለምን ሰመጠች?»

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ያቀድኩት ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር ሰምጧል። ልጆቹ ራሳቸው እርጥቡን ደንገል ሰብረው ሲጨምቁ ውሃ ወጣው፤ ከኩሬው ዳር ያገኙትን ደረቅ ደንገል ሲሰብሩ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላው ሆኖ አገኙት። ሳፋ መጣ፣ ጠጠር መጣ፣ ክርክር መጣ። ከእንግዶቹ አንዱ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ትንሽ ታንኳ ሲያስር አይቼዋለሁ። የእሱም ሰመጠች፤ ደስ አለኝ።

ሊሄዱ ሲሉ የቡድኑ መሪ መኪናቸው አጠገብ ቆሙ። «ለማዳበሪያው ሌላ ቦታ ይፈለግለት። ክፍሏ ትቆይ» አሉ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «መምህሩ ግን ይድረቁ» ብለው ገቡ።

እየደረቅኩ ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ ነገር ግን እረፍት ነሥቶኛል። ያቺን ጨረቃ ከየት አመጣኋት? እንባዋንስ? ይህን ሁሉ ዘመን በቃሌ የያዝኩት መጽሐፍ ተጽፎ ያውቃል?

መጽሐፉን እንዲያውሱኝ እትዬ የሻረግን ለመንኳቸው። «መመለሱን ትረሳለህ» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስለዚህ ርዕሱን ሳልጠራው የገባችሁ፣ መጽሐፉም ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ ለቀጣዩ ዝግጅት ነውና በእናታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ መጨረሻው አካባቢ ጀግናው የንብ ቀፎ ያለ ጭስ ይከፍታል አይደል? ንቦቹም ዝም ይሉታል... አይደል?